ሳሎንን በሞቃት ቶፕ ቀለም መቀባትና ማስዋብ፦ ዝርዝር መመሪያ

ቶፕ በግራጫና በቡናማ መካከል ያለ ቡላማ ቀለም ነው። ግራጫው ካየለ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ቡናማው አይሎ ከሥሩ ትንሽ ቢጫ ወይም ቀይ ሲኖርበት ሞቃት ቶፕ ይባላል። ወተት የበዛበት ማኪያቶ ውስጥ ጥቂት አመድ ቢገባበት የሚወጣውን መልክ አስቡ። የአሜሪካው ቀለም አምራች ሸርዊን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. ለ2017 የዓመቱ ቀለም አድርጎ የመረጠው «ፖይዝድ ቶፕ» ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ለእኛ ቤት የሚስማማበት የራሱ ምክንያት አለው። ክሬም ሴራሚክ፣ የዋንዛ ቁም ሣጥን፣ ቡናማ የቆዳ ሶፋ፣ ባለ ብዙ ቀለም መሶብ፤ ሳሎናችን ውስጥ ያለው አብዛኛው ዕቃ ሞቃት ነው። ነጭ ግድግዳ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ነጥሎ ያሳያል፣ ቀዝቃዛ ግራጫ ደግሞ ያጣላቸዋል። ሞቃት ቶፕ ያስማማቸዋል። ይሁን እንጂ ተለዋዋጭ ቀለም ነው። ሱቅ ውስጥ ወርቃማ ቡላ መስሎ የተገዛው ቤት ሲገባ ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል፣ ጥፋቱም የቀለሙ ሳይሆን የአምፖሉና የወለሉ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ከተለመደው ይለያል፦ መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ ወለልና ዕቃ፣ ቀለም መምረጥ ከዚያ በኋላ። ምሳሌ የማደርገው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው፤ ለመኝታ ቤትና ለሌላ ዓይነት ቤት የሚለየውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

1. ብርሃኑን እዩ

ስለ ቤት ቀለም ከውጭ የሚመጣው ምክር ብዙ ጊዜ «ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን አቅራቢያ ነው። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም የቀትር ፀሐይ እንዲያውም ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ በኩል ሆና ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ምክንያት እኛ ዘንድ የሚያከራክረው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ምሥራቅ የሚያይ ሳሎን ጠዋት በወርቃማ ብርሃን ይሞላና ከቀትር በኋላ ይደበዝዛል። ምዕራብ የሚያየው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውልና ወደ 11 ሰዓት ላይ ይነድዳል፤ እዚያ ላይ ቀይ የበዛበት ቶፕ ከተቀባ ግድግዳው ሥጋ ይመስላል። ለምዕራብ ክፍል ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ጥቂት የሚያደላ ቶፕ ይሻላል።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውንም ተመልከቱ። ብሎኮቹ በተቀራረቡበት ግቢ ወደ ክፍሉ የሚገባው ብርሃን ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ግድግዳ ተመልሶም ነው፤ ያ ግድግዳ ብርቱካናማ ከሆነ የእናንተም ብርሃን ብርቱካናማ ይሆናል። መስኮቱን የሚነካ ትልቅ ዛፍ ካለ አረንጓዴ ጥላ ያመጣል።

የአምፖሉ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። ሳሎን በብዛት የሚኖርበት ሰዓት ማታ ነው፣ ማታ ደግሞ የግድግዳውን ቀለም የሚወስነው አምፖሉ ነው። ካርቶኑ ላይ በኬልቪን (K)፣ ማለትም በብርሃን ቀለም መለኪያ፣ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። በየሱቁ በብዛት የሚገኘው ነጭ ኤልኢዲ 6500 ኬልቪን ነው፤ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሞቃት ቶፕንም አመድ ያስመስለዋል። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለውን ሞቃት ብርሃን ግዙ። ለኩሽናና ለማጥኛ ጠረጴዛ 4000 ይበቃል። ካርቶኑ ላይ «ሲአርአይ» (CRI) የሚል ካለ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ፤ ቀለሞችን በትክክል የማሳየት አቅሙን የሚነግር ቁጥር ነው። አምፖሉን ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ቀይሩ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ያደረገ ሰው አሁን ያለው ግድግዳ ራሱ እንደተለወጠ ያያል፤ አንዳንዱም ቀለሙን መቀየር ይተዋል።

ውጭ አገር ላላችሁ ነገሩ ይለያል። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ስቶክሆልም ላይ ከአድማስ 7 ዲግሪ፣ ዋሽንግተን ላይ 28 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት። ሰሜን የሚያይ ክፍል ክረምቱን ሙሉ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። እዚያ ቡናማው ጎላ ያለበትን፣ ፈዘዝ ያለውን ቶፕ ምረጡ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ደግሞ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ስለሚዘጋ የመጋረጃው ቀለም ራሱ የቀን ብርሃናችሁ ነው፤ ናሙናውን መጋረጃው ተዘግቶ እዩት።

2. የማይለወጠውን ዕቃ ለዩ

ወለሉን አትቀይሩትም፤ ሶፋውም ምናልባት ለዓመታት አብሯችሁ ይኖራል። ስለዚህ ግድግዳው ለእነሱ ይገዛል። ነጭ የአታሚ ወረቀት አምጡና ወለሉ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ በየተራ አስቀምጡ። ነጩ አጠገብ ሲሆን የዕቃው እውነተኛ ቀለም ይጋለጣል። ክሬም ያላችሁት ሴራሚክ ሮዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ቡናማ ያላችሁት ሶፋ ወደ ቀይ ሊሄድ ይችላል።

ወለሉ ሮዝ ካለበት ቶፑም ጥቂት ቀይ ይኑርበት፤ አረንጓዴ ያለበት ቶፕ ከሮዝ ሴራሚክ ጋር ሁለቱንም የቆሸሹ ያስመስላቸዋል። ወለሉ ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም ከሆነ ቢጫማ ቶፕ ይስማማዋል። ዋንዛ ወርቃማ ቡናማ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ከማንኛውም ሞቃት ቶፕ ጋር ይሄዳል። አስቸጋሪው ጥቁር ቀይ ቫርኒሽ የተቀባ ዕቃ ነው። ከእሱ ጋር ቀይ የሌለበትን፣ ፈዛዛውን ቶፕ ውሰዱ፤ አለበለዚያ ክፍሉ ሁሉ ወደ ቀይ ይጎተታል።

ሶፋችሁ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ከሆነ ሞቃት ቶፕን ባትመርጡት እመክራለሁ። ሶፋውን በቡናማ ወይም በክሬም ጨርቅ የማልበስ ሐሳብ ካላችሁ ግን ቀጥሉ።

3. ናሙና ሳትሞክሩ ቀለም አትግዙ

የብዙ ሰው ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የቀለም ሱቁ ካታሎግ ላይ ያለችው የቀለም ቁራጭ የአውራ ጣት ያህል ናት፤ ግድግዳው ግን ከ30 ሜትር ካሬ በላይ ሊሆን ይችላል። ቀለም ሲሰፋ ይጠነክራል። በቁራጯ ላይ መጠነኛ የመሰለው ግድግዳ ላይ አንድ ደረጃ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው ሮዝ ወይም አረንጓዴም ያኔ ይወጣል።

ሦስት ቶፖችን ምረጡ፦ አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ቀይ፣ አንዱ መሐል ላይ ያለ። ካታሎጉ የብርሃን መመለሻ ቁጥር (LRV) ካለው እሱን ተመልከቱ፤ 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ ነው። ለጠባብ ሳሎን ከ50 እስከ 60 ያለው ጥሩ ነው። ከ30 እስከ 40 ያለውን ለአንድ ግድግዳ ወይም ለመኝታ ቤት አቆዩት።

ከእያንዳንዱ ትንሹን መጠን አስቀላቅሉ። ቀጥታ ግድግዳ ላይ አትቀቡት፤ የድሮው ቀለም አጠገቡ ሆኖ ዓይን ያታልላል። የተሻለው መንገድ ካርቶን ነው። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና አንድ እጅ ነጭ ቀቡት። ሲደርቅ ናሙናውን ሁለት እጅ ቀቡበት፤ ዙሪያውን ግን ሦስት ጣት ያህል ነጭ ጠርዝ ተዉለት። ያ ነጭ ጠርዝ ዓይናችሁን ከድሮው ቀለም ይለያል። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ብሎ፣ ሲደርቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ እስከ ማግሥቱ አትፍረዱ።

ከዚያ ካርቶኑን ይዛችሁ ዙሩ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስኮቱ ካለበት ግድግዳ ጎን አቁሙት፤ ቀትር ላይ ሶፋው ኋላ፤ 11 ሰዓት ላይ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፤ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አምፖሉ በርቶ ሁሉም ቦታ። ወለሉን እንዲነካ አድርጋችሁ ማቆማችሁን አትርሱ፤ ግድግዳና ወለል የሚገናኙት እዚያ ነው። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ማየት ዋጋ የለውም፤ ብርሃን በተጋደመና በቆመ ነገር ላይ አንድ ዓይነት አይወድቅም። ዝናባማ ቀን ካጋጠማችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ በጨለመ ሰማይ ሥር ሞቃት ሆኖ የቀረ ቶፕ በማንኛውም ቀን አያሳፍርም። ከሦስቱ አንዱ ማታ ላይ ሐምራዊ ካሳየ ቀን ምንም ያህል ቢያምር ጣሉት።

በኮምፒውተር የሚቀላቅል ሱቅ ካገኛችሁ የቅመማውን ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ለጥገና ያስፈልጋል። በእጅ የሚቀላቀል ከሆነ መነሻው ነጭ ወይም ክሬም ይሁን፤ በላዩ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቂት ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር በጠብታ። ጥቁሩ የሚፈለገው ቡናማውን ለማርገብ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ቀለሙ ይሞትና በምንም አይመለስም። በእጅ ሲቀላቀል የሚያስፈልጋችሁ መጠን በሙሉ በአንድ በርሜል ይቀላቀል። ነገ የሚቀላቀለው የዛሬውን አይሆንም።

4. የት ላይ ይቀባ

ለሳሎን አራቱንም ግድግዳ በአንድ ቶፕ መቀባት እመርጣለሁ። አንዱን ግድግዳ ብቻ በጠቆረ ቀለም መቀባት የተለመደ ቢሆንም ጠባብ ክፍልን ይቆርጠዋል፣ የቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ዓይንን ወደ ስክሪኑ ብቻ ይስባል። መኝታ ቤት ላይ ግን ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ አንድ ደረጃ ማጥቆር ያምራል።

ኮርኒሱን በሚያበራ ነጭ አትቀቡት። ከቶፕ አጠገብ በረዶ ነጭ ሰማያዊ ይመስላል። ከግድግዳው ቀለም አንድ እጅ፣ ከነጭ ሦስት እጅ አድርጋችሁ ቀላቅሉ፤ ኮርኒሱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ግን ከግድግዳው ጋር ዝምድና ይኖረዋል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ይህ ቅልቅል ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ስለሚያለዝበው ክፍሉ ከፍ ያለ ይመስላል። በርና ዞኮሎ (ግድግዳው ሥር የሚዞረው ጠርዝ) ክሬም ነጭ ይሁኑ። የላሜራ በርና መስኮት ከሆነ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ አንሱ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀቡ፣ ከዚያ ዘይት ቀለም።

5. ለኩና ግዙ

የክፍሉን ዙሪያ በቁመቱ አባዙ፣ በርና መስኮቱን ቀንሱ። ክፍሉ 4 በ3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ በ2.6 ሲባዛ 39 ሜትር ካሬ። አንድ በርና አንድ መስኮት ሲቀነስ ወደ 35 ይወርዳል። ሁለት እጅ ሲቀባ 70 ሜትር ካሬ መሆኑ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ከ10 እስከ 12 ሜትር ካሬ ይሸፍናል፤ በ10 አስቡትና 7 ሊትር ያስፈልጋል። ለጥገና የሚቀር ሲጨመርበት 8 ሊትር ግዙ። «ጋሎን» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ እኩል ስላልሆነ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቡ።

ለግድግዳ የማያብለጨልጭ ማት ወይም በጥቂቱ የሚያብለጨልጭ ሳቲን ውሰዱ። ማት የልስኑን ጉድለት ይደብቃል፣ የቶፕንም ለስላሳነት የሚያወጣው እሱ ነው፤ ግን ሲታጠብ ቶሎ ይጎዳል። ልጆች ያሉበት ቤት፣ መተላለፊያና ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ ሳቲን ይሻላል። የከሰልና የዕጣን ጭስ ኮርኒሱንና የላይኛውን ግድግዳ ቀስ በቀስ ያጠቁራል፤ ቶፕ ከነጭ ይልቅ ቢሸሽገውም የሚታጠብ ቀለም ካልሆነ ማጽዳት አይቻልም።

6. ግድግዳውን አዘጋጁ

ጥሩ ቀለም ቀቢ ጊዜውን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቀቢ ስትቀጥሩም የምትከራከሩበት ቦታ ይህ ይሁን፤ «ስንት እጅ ትቀባለህ?» ከማለት በፊት «ስቱኮውን እንዴት ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስቱኮ ግድግዳውን ለማለስለስ ከቀለም በፊት የሚለቀለቀው ነው።

መጀመሪያ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ ሳቡ። ነጭ ዱቄት ከያዘ ኖራ ወይም የበለዘ ቀለም ነው፤ ፋቁት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) ቀቡት። እንዲሁ በላዩ ከተቀባ ዓመት ሳይሞላው እንደ ልጣጭ ይነሣል። እርጥበት ያለበት የሚመስል ቦታ ካለ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ለጥፉበት፣ አራቱንም ጎን በቴፕ ዝጉ፣ ለ24 ሰዓት ተዉት። ከላስቲኩ ሥር ጠል ከተገኘ ግድግዳው እያላበ ነው፤ ምንጩ ሳይዘጋ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳና የምድር ቤት የታችኛው ክፍል ላይ ይህን ሙከራ ሳታደርጉ አትለፉ።

አዲስ ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ። ሲሚንቶው ገና ትኩስ ሳለ ያለው ጨውና ኖራ ቀለሙን ያቃጥለዋል፤ ቶፕ ላይ ሲሆን ነጫጭ ደመና ሆኖ ይወጣል። የአግሮስቶን (ቀላል የግድግዳ ፓነል) ክፍልፋይ ያለበት ኮንዶሚኒየም ከሆነ መጋጠሚያዎቹን ተመልከቱ። እዚያ ላይ የሚወጣው ስንጥቅ በስቱኮ ብቻ አይድንም፤ መረብ ያለው ቴፕ ተለጥፎበት ነው ስቱኮ የሚደረገው።

ስቱኮውን በቀጭኑ ሁለት ጊዜ አድርጉ፤ በአንድ ጊዜ የወፈረ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ በ220 ጨርሱ። ጎርበጥ ያለውን በዓይን ፊት ለፊት አታገኙትም፤ ማታ መብራቱን አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ። እያንዳንዱ እብጠትና ጉድጓድ ጥላ ይጥላል። እርሳስ ይዛችሁ ክበቡት፣ ጠዋት አስተካክሉ። ነጭ ግድግዳ የሚያልፈውን ጉድለት ቶፕ አያልፍም፤ በተለይ መስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ላይ።

የድሮ ዘይት ቀለም ካለ ተጠንቀቁ፤ ከዓመታት በፊት የተቀባው እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ውሃ እየነከራችሁ ፈግፍጉ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ከቤት አርቁ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። ለአዲሱም ሥራ ከእርሳስ ነፃ መሆኑ የተጻፈበትን ቀለም ግዙ።

ስቱኮው ካለቀ በኋላ ግድግዳውን በሙሉ ፕራይመር ቀቡ። ስቱኮ የነካውና ያልነካው ቦታ ቀለም እኩል አይመጡም፤ ፕራይመር ከተዘለለ ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ቅርጾች ይታያሉ፣ ሦስተኛ እጅ ቢጨመርም አይጠፉም።

ወቅቱንም አስቡበት። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ በነሐሴና በጳጉሜን መቀባት ልማድ ነው፤ ግን ግድግዳው በዓመቱ ከፍተኛውን እርጥበት የያዘበት ጊዜ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየር እጅግ ይሻላል። የግድ በክረምት ከሆነ በእጅና በእጅ መካከል አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

7. መቀባት

ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ክዳናቸውን አውልቁ፤ ከዚያ በፊት ግን ከቆጣሪው ኤሌክትሪኩን አጥፉ። ወለሉ ላይ ላስቲክ፣ በላዩ ካርቶን አንጥፉ፤ ላስቲክ ብቻውን ያንሸራትታል።

ቅደም ተከተሉ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በመጨረሻ በርና ዞኮሎ ነው። ቀለሙን ከታች ጀምራችሁ አምስት ደቂቃ ያህል አማስሉ፤ የቶፕ ቡናማ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ካልተማሰለ የመጀመሪያው ግድግዳ ፈዛዛ፣ የመጨረሻው ጥቁር ይሆናል። ቆርቆሮው የሚፈቅደውን ውሃ ብቻ ጨምሩ።

አንዱን ግድግዳ ብቻ ያዙ። በብሩሽ ከኮርኒሱ ሥር፣ ከማዕዘኑና ከዞኮሎው በላይ አራት ጣት ስፋት ያለው መስመር ሥሩ፤ ወዲያው፣ መስመሩ ሳይደርቅ፣ ሮለሩን አንሱ። ሁሉንም ክፍል በብሩሽ ከብቦ ከዚያ ወደ ሮለር መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብሩሹ የደረቀበት ቦታ ፍሬም ሆኖ ይቀራል። ሮለሩን ነክራችሁ ትርፉን አራግፉ፤ የሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ላይ ከላይ ወደ ታችም አግድምም እያላችሁ ቀለሙን አሰራጩ፣ ከዚያ ሳትነክሩ ከኮርኒስ እስከ ወለል በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ ሳቡ። ቀጣዩ ሜትር ካለፈው እርጥብ ጠርዝ ላይ ይጀምራል። ግድግዳ መሐል ላይ አትቁሙ፣ ስልክም አታንሱ፤ ማረፍ የሚቻለው ማዕዘን ላይ ብቻ ነው። ቡና የደረሰ እንደሆነም ግድግዳው ያልቅ።

የመጀመሪያው እጅ ሲደርቅ ዥንጉርጉር ሆኖ ብታዩት አትደንግጡ። 4 ሰዓት ያህል ቆይታችሁ፣ ብርድ ካለ በማግሥቱ፣ ሁለተኛውን ቀቡ። ጠርዝ ለመከለል ቴፕ ለጥፋችሁ ከሆነ ሁለተኛው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በ45 ዲግሪ እየሳባችሁ አንሱት። መስኮቶቹ ክፍት ይሁኑ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች እዚያ ክፍል ባትተኙ ጥሩ ነው።

8. ክፍሉን አልብሱ

ቶፕ ብቻውን ሲቀር ድብርት አለው። ሕይወት የሚሰጠው አጠገቡ የሚቀመጠው ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ዕቃ በርካሽና በእጅ የተሠራ ሆኖ ሞልቷል።

መጀመሪያ ነጭ ፈልጉለት፤ የፋብሪካ ነጭ ሳይሆን የጥጥ ነጭ። ሽሮ ሜዳ ከሚሸመነው ሸማ መጋረጃ ማሰፋት ይቻላል፤ ብርሃኑን አጣርቶ ያስገባል፣ ጥለቱ ከታች ሆኖ ወለሉን ሲነካ ከቶፕ ግድግዳ ጋር የሚያምር ነገር ነው። ጥለቱ አንድ ቀለም፣ ቢበዛ ሁለት ይኑረው። ቡልኮ ሶፋ ላይ ጣል ማድረግ፣ የመንዝ ባና ደግሞ ወለል ላይ ማንጠፍ ወይም ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል፤ የበግ ጠጉሩ ያልተነከረ ቡናማና ጥቁር ከመሆኑ የተነሣ ከቶፕ ጋር ሲሆን አንድ ቦታ የተወለዱ ይመስላሉ።

ከዚያ አለላ። ሐምራዊ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ያለበት የሐረር ስፌት ነጭ ግድግዳ ላይ ይጮኻል፤ ሞቃት ቶፕ ላይ ግን ቀለሙ ሳይቀንስ ይረጋል። ግን አትበትኑት። ሁሉንም ስፌት አንድ ግድግዳ ላይ ሰብስቡ፣ ትልቁን ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን አድርጉ፣ በመካከላቸው አራት ጣት ተዉ። የተቀሩት ግድግዳዎች ባዶ ይሁኑ። የምርቃት ፎቶና የቤተሰብ ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ፍሬሞቹ ዓይነታቸው ቢለያይ እንኳ በአንድ ቀለም ከተቀቡና ፎቶው ዙሪያ ክሬም ካርቶን ከገባ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። ቅዱሳት ሥዕላት ያሉበት ቦታ ለብቻው ይከበር፤ ወርቃማው ዳራቸው ቶፕ ላይ ሞቆ ይታያል፣ ሌላ ነገር አጠገባቸው አያስፈልግም።

የቡናው ጥግ የዚህ ቀለም ጥሩ ቦታ ነው። ጥቁር ጀበና፣ የእንጨት ረከቦት፣ ነጭ ሲኒ፤ ከኋላቸው ቶፕ ሲሆን ሦስቱም ጎልተው ይታያሉ። በበዓል ቀን ቄጠማ ሲጎዘጎዝ አረንጓዴው ከቡላማው ግድግዳ ጋር የሚፈጥረውን ለማየት ብቻ እንኳ ቀለሙን መምረጥ ያስኬዳል። ጭሱ ቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳይሄድ ረከቦቱንና ከሰሉን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ይኑር፤ የመጋረጃ ብረት፣ የመብራት እግር፣ ፍሬም። ጥቁር ከሌለ ቶፕ፣ ክሬምና ቡናማ ተደባልቀው ጭጋግ ይሆናሉ። ለትራስና ለምንጣፍ ደግሞ የሸክላ ቀይ፣ የወይራ አረንጓዴ ወይም ጥልቅ ሰማያዊ አንዱን ብቻ ምረጡና ሦስት ቦታ ላይ ድገሙት። የሚያብለጨልጭ ሐምራዊ መጋረጃና ብርማ ጨርቅ ከዚህ ቀለም ጋር አይስማማም።

ትልቅ ቡናማ የቆዳ ሶፋ ያላቸው ሰዎች «ቡናማ በቡናማ ላይ ያስኬዳል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያስኬዳል፣ ግድግዳው ከሶፋው ቢያንስ ሁለት ደረጃ ከፈዘዘና በሁለቱ መካከል ነጭ ጥጥ ከገባ። ሶፋውንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ ከኋላው የሚፈጠረው ጥላ ሁለቱን ይለያቸዋል፣ ቀለሙም በጀርባው አይፋቅም።

በኮርኒሱ መብራት ብቻ አትወሰኑ። በጥግ የሚቆም ወይም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሁለተኛ 2700 ኬልቪን መብራት ጨምሩ፤ ግድግዳውን ከጎን ሲነካው የቶፕ ቡናማ የሚወጣው ያኔ ነው።

9. የተረፈውን ቀለም

የቀረውን ቀለም አፉ ጠባብ በሆነ ንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር ባነሰ ቁጥር ይቆያል። ላዩ ላይ የክፍሉን ስም፣ የተቀባበትን ቀንና የቅመማውን ቁጥር ጻፉ። ማብሪያ ማጥፊያው አካባቢ የእጅ አሻራ ሲበዛ መጀመሪያ በለብ ያለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በስፖንጅ ሞክሩ፣ ሳትፈትጉ። ካልለቀቀ ትንሹን ሮለር ያዙ፤ ብሩሽ የሚተወው መስመር ማት ግድግዳ ላይ ይታያል። ከዓመት በላይ ከቆየ ግድግዳው በፀሐይ በትንሹ ስለሚደበዝዝ ነጥቡን ብቻ ከምትነኩ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ግድግዳ አንድ እጅ ቀቡት።